በአርመኖች ማዕድ ከአባባ ጋር

አባባ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እማዬ ካረፈች ደግሞ ሰባት ወር። እዚህ ከመጡ ወዲህ ጠግበው ሲበሉ አላየኋቸውም። እንጀራው ሲቀርብ አንድ ሁለቴ ቆርሰው «ይበቃኛል፣ ልጄ» ይሉና ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ጥፋቱ የወጡ አይደለም። እኛ ቤት ሁሉም የሚበላው በየሰዓቱ ነው፦ እኔ ከሥራ አምሽቼ፣ ባለቤቴ ወደ ሌሊት ፈረቃው ሊሄድ ሲል፣ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሳህኗን ታቅፋ። ዕድሜውን ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር ለማዕድ የተሰበሰበ ሽማግሌ ብቻውን ሲጎርስ ማየት አንጀት ይበላል።

ረቡዕ ዕለት ለሐኪም ቀጠሮ ወደ ግሌንዴል ወሰድኳቸው። ልጄም አብራን ነበረች። ከሎስ አንጀለስ ጋር የተያያዘችው ይህች ከተማ ወደ 200 ሺህ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ከዚያም ውስጥ ብዙ አርመኖች አሉ። ስንጨርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሁዳዴ ስለሆነ አባባ እስከዚያ ሰዓት እህል በአፋቸው አልዞረም። ከጎዳናው ዳር አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አየሁና ገባን።

ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። እናት ከወጥ ቤት፣ ልጃቸው ከፊት ሆነው ይሠራሉ። ግድግዳው ላይ የአርመን ፊደል ተሰቅሏል። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማራለችና ጣቷን ቀስራ «ሀ! ይኸው ደግሞ በ!» አለች። አርመናዊው መነኩሴ ሜስሮፕ ማሽቶትስ በ5ኛው መቶ ዘመን መባቻ 36 አድርጎ የቀረጸው ፊደል ነው፤ እውነትም አንዱ ሀን፣ ሌላው በን ይመስላል። ድምፃቸው ግን ሌላ ነው።

የምግብ ዝርዝሩ ሲመጣ ሥጋና እርጎ ብቻ ታየኝ። ለልጁ «ጾመኞች ነን» ብዬ ስነግረው ወደ ውስጥ ተጣራ። እናቱ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ፤ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ኢትዮጵያ» ስንላቸው አማተቡ። «እኛም እኮ በጾም ላይ ነን» አሉ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን እህትማማቾች መሆናቸውን ከመጽሐፍ አውቅ ነበር፤ በሰው ፊት ላይ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም ትእዛዝ አልተቀበለንም። ምግቡ መጥቶ መሃል ላይ ተደረደረ። የጾም ቶልማ ቀረበ፤ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ምስር፣ አተር፣ ሩዝ፣ በቆሎና የተከካ ስንዴ፣ ሰባቱም በጥቅል ጎመን ቅጠል ተጠቅልለው። ከምስርና ከስንዴ የተድቦለቦለ ኮፍታም ነበር። ላቫሽ የሚሉት ስስ ቂጣቸው ደግሞ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ በመሶብ መሰል ቅርጫት መጣ። ሴትየዋ በአገራቸው መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ እንደሚጋገር በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን።

አባባ ሹካውን ገፋ አድርገው እጃቸውን ታጥበው መጡ። ላቫሹን ቀደዱ፣ ቶልማውን ጠቀለሉበት፣ መጀመሪያ ልጄን አጎረሷት። ከዚያ እኔን። ከዚያ ራሳቸው በሉ፤ ደግመውም በሉ። እንባዬ እንዳይታይ ውኃ ጠጣሁ።

ሆዳቸው ሲሞላ ወሬያቸውም ተከፈተ። ያደጉት ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ጫማቸውን የሚሰፋላቸው አርመን፣ አብረውት የሚጫወቱት የጎረቤት ልጅ አርመን ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም የሚያድጉትን 40 ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው ተረኩ። እኔ እየተረጎምኩ፣ ልጁ ለእናቱ በአርመንኛ እየደገመ። የ«አርባ ልጆች» መምህር የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። አባባ ተማሪ ሳሉ በየማለዳው ተሰልፈው ይዘምሩት የነበረውን ያንኑ ዜማ በአፍንጫቸው አንጎራጎሩ። ሴትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የእኔም አያት በወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነው ያደጉት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ቡናው ሲመጣ የአባባ እጅ ተንቀጠቀጠና ትኩሱ በጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ሴትየዋ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ጻቭድ ታኔም!» እያሉ እጃቸውን ያዙላቸው። ልጄ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ልጁ ትንሽ አሰበና «ሕመምህን እኔ ልውሰደው ማለት ነው» አላት።

አባባ ዝም አሉ። እማዬ ስንወድቅ፣ ስንቆረጥ፣ እሳት ሲፈጀን «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ነበር የምትለው። ለእሳቸውም ትለው ነበር። ቆይተው በቀስታ «ይህን ቃል ከሰማሁ ሰባት ወር ሆነኝ» አሉኝ።

የተረፈውን ቶልማ ሴትየዋ ጠቅልለው ሰጡን፤ ለእሱ ሒሳብ አልተቀበሉም። አባባ መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙት። ቤት እንደገባን በአንድ ትሪ ላይ ገለበጡት፤ ልጄ ሳህን ልታወጣ ስትል «ተይው» አሏት። ባለቤቴ ከእንቅልፉ እስኪነሳ ድረስ ትሪውን በነጠላቸው ሸፍነው ከጎኑ ተቀመጡ።