የአድቬንት ንባቤ፦ ከ25 ቀን 19

አምና የአድቬንትን (ካቶሊኮች ከገና በፊት የምንዘጋጅበትን ወቅት) ዕለታዊ ንባብ ጀምሬ በሦስተኛው ቀን ተውኩት። ዘንድሮ ከ25ቱ ቀን 19ኙን አንብቤያለሁ። የሚሞክር ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ካቶሊክ ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስልኬ ላይ ያለው መርሐ ግብር በፈረንጆቹ ቀን ስለሚሄድ ኅዳር 21 ጀምሮ ታኅሣሥ 15 ያልቃል። የእኛ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው። ይሄ ነገር ሲያናድደኝ ነበር።

የአምናው ስህተቴ ጥድፊያ ነው። ኢሳይያስ፣ መዝሙር፣ ወንጌል፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ማታ ምን አነበብክ ብባል መልስ የለኝም። አሁን ሁሉንም አንዴ አነብና የያዘኝን አንድ ቃል ብቻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ቃል «ማረሻ» ነበር። ኢሳይያስ 2 ሰይፋቸውን ማረሻ ለማድረግ ይቀጠቅጣሉ ይላል። ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ ይህን ማንበብ ይከብዳል። ከቃሉ ሥር ምንም ሳልጨምር ደብተሩን ዘጋሁት።

ማክሰኞ ኢሳይያስ 11 መጣ፦ «ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል»። ግንድ ሲባል የሚታየኝ የቆመ ዛፍ ነው። ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ ቢወጣ ምን ይገርማል? በኋላ ሳነብ የዕብራይስጡ ቃል የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ማለት ነው። በማግስቱ ሁልጊዜ የማልፈው ባሕር ዛፍ ጋ ቆምኩ። አምና ለማገዶ ተቆርጧል። ጉቶው ላይ ውርጭ ተኝቶበታል። ከጎኑ ግን ስድስት ቀጫጭን ቀንበጦች አውጥቷል፤ ቅጠላቸው ገና ሰማያዊ ቢጤ ነው። አንዱን ጨመቅ ሳደርገው ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ የታጠንኩት ሽታ መጣ። የእሴይ ልጅ የዳዊት ቤት ተቆረጠ፣ አለቀ ከተባለ በኋላ ነው ለካ የሚያወራው። ማታ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አራት ቀን ዘለልኩ። በብርዱ አሳብቤያለሁ፤ የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ይፈርድልኛል።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 የዕለቱ መዝሙር 80 ነበር። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ ስልኬ ተዘጋ፣ መብራትም የለም። የአከራዬን የእማማን ዳዊት ተዋስኩ። 80ን ስገልጥ ሌላ ነገር ነው። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ይዘዋል።

«ምን የሚለውን ነው ልጄ?»

«‹የእስራኤል እረኛ ሆይ፥ አድምጥ› የሚለውን።»

«እሱማ 79 ነው። ኖላዊሁ ለእስራኤል! የኖላዊ እሑድ ምስባክ እኮ ነው» ብለው ሳቁብኝ። ኖላዊ በግእዝ እረኛ ነው፤ የዚህ መዝሙር ቁጥር ደግሞ በእሳቸው ዳዊት ከእኔው በአንድ ያንሳል።

ስለዚህ መርሐ ግብሩ ሲያልቅ አላቆምኩም። በእማማ አቆጣጠር ከገና በፊት ካሉት ሦስት እሑዶች ስብከት አልፎኛል፤ ብርሃንና ኖላዊ ግን ይቀሩኝ ነበር። ታኅሣሥ 26 ከእማማ ጋር ዮሐንስ 10ን አነበብን። የእርስዎስ ቃል የትኛው ነው አልኳቸው። «እረኛ» ይሉኛል ብዬ እስክሪብቶውን አዘጋጅቻለሁ።

«በሩ» አሉኝ።