በደብዳቤ የጻፍኩት አንድ ቃል

አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት በምሠራበት ጊዜ፣ ለደም ግፊት ክትትል በየወሩ የሚመጡ እናቶች ግፊታቸው ከተስተካከለ በኋላም ተመሳሳይ አቤቱታ ያሰሙኝ ነበር፤ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሌሊቱን ሳፈጥ አድራለሁ»። አብዛኞቹ ልጅ የቀበሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ወይም ልጆቻቸው ዐረብ አገር ሄደው ብቻቸውን የቀሩ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከእነዚህ እናቶች 11ዱን ሰብስቤ በሳምንት አንድ ቀን አብረን የእጅ ሥራ የምንሠራበትን ማኅበር ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ቢነገረኝ ኖሮ አራት ሴቶችን ባላጣሁ ነበር።

አዳራሹን የሰጠን በአካባቢው ያለ እድር ነው፤ ሊቀመንበሩን አንድ ጊዜ ባነጋግር በቂ ሆነ። ለቁሳቁስና ለቡና የሚያስፈልገውን ገንዘብ እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አዋጣን። ረቡዕን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይሁን እንጂ ረቡዕ ከማርያም ወይም ከሚካኤል ጋር በገጠመ ቁጥር ወስፌ የሚያነሣ ስላልነበረ በእነዚያ ቀናት ቡና ብቻ እየጠጣን እንለያይ ነበር። የወሩን በዓላት ሳይመለከት መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።

መጀመሪያ ያቀረብኩላቸው ሥዕል ነበር። ከፒያሳ ወረቀት፣ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ አከፋፈልኩ። እናቶቹ በትሕትና ተቀብለው አንድ ሰዓት ያህል ከታገሡ በኋላ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት «ሲስተር፣ ይኼ የልጆች ነው፤ እኛ የምናውቀውን አምጪልን» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከመርካቶ ለመሶብ ስፌት የሚሆን አክርማ፣ ስንደዶና አለላ ይዤ መጣሁ። ሣሩ ውኃ ውስጥ ሲነከር የወጣው ሽታ ብቻውን ወሬ አስጀመራቸው፤ አንዷ የእናቷን ደጅ፣ ሌላዋ ለሠርጓ የሰፋችውን መሶብ አነሣች። በአራተኛው ሳምንት ማንም ሳይጠይቃት አንዲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንጉርጉሮ ጀመረች፤ ሌሎቹም እጃቸው ከሥራው ሳይነሣ ተቀበሏት። ስለ ሟች ልጇ በክትትል ክፍሉ ውስጥ አንድም ቀን ትንፍሽ ያላለች ሴት ስሙን በግጥም ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስብሰባችንንም «የረቡዕ ቡና» ብለው የሰየሙት እነርሱ ናቸው። ይህ ስም እንደነበረን ልብ ይሏል።

ክረምቱ ሲገባ የእድሩ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ሌላ አዳራሽ ፍለጋ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያቀረብኩት የአንድ ገጽ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ወደ ኃላፊ ሲንከባለል አምስት ሳምንት ፈጀ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል፤ ነገ ይመለሱ። በስድስተኛው ሳምንት ኃላፊውን ሳገኛቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ተጠቃሚዎቹ እነማን ናቸው?»

ማመልከቻው ላይ «የአካባቢው እናቶች» ብዬ ጽፌ ነበር። እናቶች የሚባል ተግባር በዕቅዳቸው እንደሌለ ነገሩኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን፣ ከ3000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ በሕክምና ረገድ እንደሚያግዝ ያመለከተውን ሪፖርት ቅጂ አያይዤ ነበርና እርሱን አሳየኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ማኅተሙ የታለ?» አሉኝ። ቀጥለውም «ኪነ ጥበብ ከሆነ ድራማ አሠሩ፤ መልእክት ያስተላልፋል» ሲሉ መከሩኝ። በአገራችን ጥበብና ጤና አንድ ላይ ሲነሡ ባለሥልጣን አእምሮ ውስጥ የሚመጣው በኤችአይቪ ዘመን የለመድነው የማስተማሪያ ድራማ ነው፤ ሰው ለመማር ሳይሆን እጁን አሠርቶ ልቡን ለማሳረፍ ሊሰበሰብ እንደሚችል ማስረዳት አልቻልኩም።

በመጨረሻ ኃላፊው መፍትሔ ያሉትን ሰጡኝ፦ «የአእምሮ ሕመምተኞች ብለው ይጻፉት፤ ያኔ ከዕቅዳችን ጋር ይያያዛል።» ደረጃው ላይ ተቀምጬ ማመልከቻውን በጉልበቴ ላይ እንደገና ጻፍኩት። እናቶቹን አላማከርኩም። ወረቀት ላይ የሚቀር ቃል መሰለኝ። ማኅተሙ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተመታ፤ እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን በብልጠቴ ኮርቼ ነበር።

በአዲሱ አዳራሽ አንድ ክረምትና አንድ በጋ በሰላም ሠራን። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ጽሕፈት ቤቱ ለሪፖርት የሚሆን ዐውደ ርእይ እንድናዘጋጅ ጠየቀ፤ እኔም መሶቦቹ ይታዩ ብዬ ደስ እያለኝ ተስማማሁ። በዕለቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስደርስ በሩ ላይ፣ ልክ ከታክሲ ሰልፉ ፊት ለፊት፣ «ለአእምሮ ሕመምተኞች» የሚል ባነር ከእናቶቹ ፎቶግራፍ ጋር ተሰቅሏል። ፎቶውን ያነሡት ለፋይል ነው ብለው ነበር። በከተማችን የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ራሱ እንደ ስድብ እንደሚነገር የማያውቅ የለም፤ አንድ የታክሲ ረዳትም ሳይውል ሳያድር «እማማ፣ እናንተም አማኑኤል ገባችሁ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሳቀ። ለልጇ ሽማግሌ ሊላክባት ቀን የተቆረጠላት አንዲት እናት ይህን እንደ ሰማች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከበሩ ተመለሰች።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ስጮህ መዝገቡን አስመጥተው ፊርማዬን አሳዩኝ። «የጻፉት እርስዎ ነዎት» አሉ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ትክክል መሆናቸው ነው። ባነሩ የወረደው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነበር። ከ11ዱ አራቱ ከዚያን ቀን ወዲህ አልተመለሱም።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ከመመሪያዎቹ ጋር አይገጥምም። ሴቶቹ ራሳቸው ለስብሰባቸው ያወጡትን ስም ማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ «የረቡዕ ቡና» ብዬ ብጽፍ ምናልባት አዳራሽ አላገኝም ነበር፤ ጣሪያው በሚያፈስስ እድር ውስጥ ባልዲ ደቅኖ መስፋት ይሻላል። ስም፣ ስልክና ፊርማ ያለበት የመገኘት መዝገብ አይያዝ፤ ለሪፖርት ቁጥር ከተፈለገ ስኒ መቁጠር ይበቃል። ዐውደ ርእይ አላዘጋጅም፤ መሶቡ ወደ ሰፋችው ሴት ቤት ይሂድ። ስኳር ሕመም ላለባቸው እናቶች የጣት መከለያ ያስፈልጋል፤ ወስፌ የወጋው ቁስል ቶሎ ላይድን ይችላልና። መሞት እመኛለሁ የምትል ሴት ካለች ደግሞ ወስፌው ተቀምጦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መወሰድ አለባት፤ ስፌትና እንጉርጉሮ ሕክምናን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም፤ ይህን ለእናቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳልደብቅ ነግሬያቸው ነበር።

ወደ እድሩ ተመልሰናል፤ ሰባት ነን፣ አንዳንድ ረቡዕ ዘጠኝ እንሆናለን። ከበሩ የተመለሰችው እናት ጀምራ የተወችው መሶብ ወገቡ ድረስ እንደ ደረሰ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ቤቷ ሁለት ጊዜ ሄጄ የለችም ተባልኩ። ባለፈው መስከረም የጎረቤቷን ልጅ ወደ እኔ ላከችው፤ መሶቡን የምትጠይቅ መስሎኝ ላወርደው ስነሣ ልጁ «ወስፌዬን ብቻ ስጪው ብላለች» አለኝ። ወስፌውን ከተረፈው ቀይ አለላ ጋር በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።