ትልቅ ሞተር በቫን ሲጫን፦ ነገሩ ያለው በሩ ላይ ነው

ከአዲስ አበባ ወይም ከሞጆ ትልቅ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሐዋሳ ለማስገባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ሻሸመኔ ላይ ይጨናነቃል ወይ፣ ሹፌሩ ይበራል ወይ። ከአዲስ አበባ ቢመጣ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደህና ተደርጎ የታሰረን ሞተር ግን ምንም አያደርገውም። ሞተር የሚወድቀው፣ ፍሬቻ የሚሰበረው፣ የሰው እግር የሚቀጠቀጠው ከመሬት እስከ ቫኑ ወለል ባለችው 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ በሩ ብዙ፣ ስለ መንገዱ ጥቂት እንላለን።

ትልቅ ስንል ሐዋሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲራወጥ የሚውለውን 125 ወይም 150 ሲሲ ማለታችን አይደለም። እሱን ሦስት ጎረምሳ አንስቶ ፒክአፕ ላይ ያስቀምጠዋል። የምናወራው ነዳጁን ይዞ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝነው ነው፦ ያማሃ ቴኔሬ 700 ወደ 205 ኪሎ፣ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን 1000 ከ230 ኪሎ በላይ፣ ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ በውሃ የሚቀዘቅዘው ሞዴል ወደ 240 ኪሎ። እነዚህን ማንሳት አይሞከርም። ይገፋሉ እንጂ አይነሱም።

ቫን ከመከራየታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ርዝመት ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ አፍሪካ ትዊን 2.33 ሜትር ነው፣ ከኋላ ያሉት ወንበሮች የወጡለት ረጅሙ ሃይኤስ ይውጠዋል። የሚያስቸግረው ቁመት ነው። አፍሪካ ትዊን ከነንፋስ መከላከያው 1.47 ሜትር ይቆማል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ሃይኤስ የኋላ በሩ ሲከፈት ግን 1.30 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የንፋስ መከላከያው መስታወት ይወጣል፣ ስፖኪዮዎቹ ይወጣሉ፣ አንዳንዴም መሪው ላላ ተደርጎ ወደ ኋላ ይዞራል። መሪውን ከማላላታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉበት፤ ስታዞሩትም የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይገለበጥ ተጠንቀቁ። ስፖኪዮ ሲፈታ አንድ ነገር አትርሱ፦ ብዙ ያማሃዎች ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ እንደ ለመዳችሁት ወደ ግራ ካዞራችሁት እየጠበቀ ሄዶ ጥርሱን ይበላዋል። የፈታችሁትን ብሎን ሁሉ እዚያው ቀዳዳው ላይ መልሳችሁ በእጅ አስገቡት። ፌስታል ውስጥ የገባ ብሎን ሐዋሳ ሲደርስ አንዱ ጎድሎ ነው።

የጎን ሳጥኖቹም ይውለቁ። ክብደት ይቀንሳሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ለሚገፋው ሰው መቆሚያ ቦታ ይሰጣሉ።

አሁን መወጣጫው። አብዛኛው ሰው ያገኘውን ጣውላ ያጋድማል፣ ያገኘው ደግሞ ሁልጊዜ አጭር ነው። ሒሳቡን እንየው። ወለሉ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ሞተሩ 240 ኪሎ ይሁን። በ1.5 ሜትር ጣውላ ዳገቱ 26 ዲግሪ ይሆናል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ባለበት ለመያዝ ብቻ 104 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል። ጣውላው 2.4 ሜትር ሲሆን ዳገቱ ወደ 16 ዲግሪ፣ ግፊቱም ወደ 65 ኪሎ ይወርዳል። ሁለት ሰው 65 ኪሎን ይችላል። 104 ኪሎን ግን እየተንሸራተተ ባለ ጫማ ማንም አይችልም።

አጭር ጣውላ ሌላም ጣጣ አለው፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። የፊት ጎማ ቫኑ ውስጥ ገብቶ የኋላው ገና ጣውላው ላይ ሳለ የወለሉ ጠርዝ በሞተሩ ሆድ ስር ይመጣል። በሁለቱ ጎማዎች መሃል 1.5 ሜትር ያለው ሞተር በ16 ዲግሪ ዳገት ላይ ከሆዱ ስር 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ይፈልጋል፤ በ26 ዲግሪ ደግሞ 17። እንደ አፍሪካ ትዊን ያለ ረጅም ሞተር 25 ሳንቲ ሜትር ስላለው ያልፋል። እንደ ሃርሊ ያለው ዝቅተኛ ግን 12 እና 13 ብቻ ነው ያለው፤ በአጭር ጣውላ ሆዱ ጠርዙ ላይ ይቀመጥና ሁለቱም ጎማዎች ይቀላሉ። እዚያ ላይ ወደፊትም ወደኋላም የለም፣ ወደ ጎን መውደቅ ብቻ ነው የቀረው።

ጣውላው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ መሃሉ ላይ የቅርንጫፍ ዓይንም ስንጥቅም የሌለበት ይሁን። በላይኛው ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ታጥፎ በብሎን ይታሰርለት፤ ወለሉ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። ላዩ ላይ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት ወይም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይመታበት። በክረምት እርጥብ ባሕር ዛፍ ሳሙና ማለት ነው። ከጎኑም ለሚገፋው ሰው ሌላ ጣውላ ይኑር። እሱ ካልተገኘ የቢራ ሳጥን ገልብጦ እንደ ደረጃ ማስቀመጥ ይሠራል። ሞተሩን ይዞ ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር በአንድ እርምጃ የሚወጣ ሰው እግሩ አየር ላይ ባለበት ቅጽበት ነው ሚዛኑን የሚለቀው።

ጣውላው ከቫኑ ጋር ይታሰር። ይህን የሚዘል ሰው ይበዛል። ጎማው ጣውላውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በሞተሩ ጉልበት ከሆነ የምታወጡት ደግሞ በኃይል ይገፋዋል። ላሜራው ከጠርዙ ሁለት ጣት ከሸሸ በኋላ መመለሻ የለውም። ቫኑም ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማው ታኮ ይደረግበት።

ከዚያ በፊት ግን ዳገቱን በነፃ መቀነስ ይቻላል። የቫኑን የኋላ ጎማዎች ጎድጓዳ ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ወይም ወደ ከፍ ያለ አፈር ወይም ወደ መጫኛ መድረክ በኋላ ማርሽ አስጠጉት። 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካገኛችሁ 65 የነበረው 45 ሆነ ማለት ነው፤ ያው 2.4 ሜትር ጣውላ ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል።

ሲገፋ ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ በግራ በኩል መሪውን ይዞ፣ ሁለተኛው ከኋላ የተሳፋሪውን መያዣ ብረት ይዞ፣ ሦስተኛው በቀኝ በኩል ሳይገፋ ሚዛን ብቻ እየጠበቀ። ጫኝና አውራጆች ከመጡ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከዋጋው በላይ ግን የት እንደሚይዙ አሳዩአቸው። ካልተነገራቸው ፍሬቻውን፣ ፓራፋንጎውን፣ ወይም ገና ያልቀዘቀዘውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ነው የሚይዙት። ሞተሩ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይጥፋ።

መሃል ላይ መቆም ካስፈለገ የፊት ፍሬን አያድናችሁም። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ ቢታሰርም ጣውላው ላይ እየተፋተገ ይንሸራተታል። የሚሠራው ይሄ ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ይግባ፣ መሪ የያዘው ሰው ፍሪሲዮን ጨብጦ ይገፋ፤ ማረፍ ሲፈለግ ፍሪሲዮኑን ይልቀቅ። የኋላ ጎማ እዚያው ቀጥ ይላል። ልቀቅ፣ ተንፍስ፣ ጨብጥ፣ ግፋ። ሲወርድም ያው ነው። ይህ ዘዴ የማይሠራው አውቶማቲክ ማርሽ ባለው አፍሪካ ትዊን ላይ ነው፤ እሱ ፍሪሲዮን የለውም፣ ሞተሩ ሲጠፋም ማርሹ ነፃ ይሆናል። ለእሱ የራሱ የእጅ ፍሬን አለው፣ አንድ ሰው እጁን እዚያ ላይ ያድርግ።

ተቀምጦ በሞተሩ ጉልበት መንዳትማ አይታሰብ። ቫኑ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይገባል፣ የነጂው ጭንቅላት ግን ውጭ ይቀራል።

ውስጥ ከገባ በኋላ የፊት ጎማው የሚገባበት ማነቆ ያስፈልገዋል። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ 60 በ200 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ወለሉ ላይ ይነጠፍ፤ ጫፉ ላይ ሁለት እንጨት ከጎማው ወርድ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፍቶ ይመታበት፣ ከፊቱም አንድ ወፍራም እንጨት ይጋደም። አፍሪካ ትዊንና ቴኔሬ 700 ከፊት 90 ሚሊ ሜትር ጎማ ነው ያላቸው፣ ጂኤሱ 120። ይህ የሚያስፈልገው ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ 240 ኪሎው ሞተር ወደ 190 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ፊት ስለሚገፋ ነው። ይህን ኃይል ማነቆው ይቀበለው እንጂ ቤልቶቹ ብቻቸውን አይቀበሉት።

ገመድ አይሁን። የአይሱዙ ረዳቶች ገመድ አጠባበቅ ያውቃሉ፤ የሲሚንቶ ጆንያ ግን አይነጥርም፣ ሞተር ይነጥራል። ናይለን ገመድ ይለጠጣል፣ አንድ ጉብታ ላይ አሞርዛተሩ ሲወርድ ይላላል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ራቼት (ባለ ጥርስ ማጥበቂያ) ያላቸው አራት ቤልቶች፣ ሁለት መጠባበቂያ፣ አራት የጨርቅ ቀለበቶች ያዙ። ቤልቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የሚበጠስበት ክብደት ነው፤ የሚሠራበት የዚያ ሲሶ ነው።

ቤልቱ መሪው ጫፍ ላይ አይታሰርም፤ መሪው ይዞራል፣ እጀታው ይቀደዳል። ሁለቱን የፊት አሞርዛተር ቱቦዎች አንድ ላይ የያዘው የታችኛው ሳህን ላይ ቀለበቱን አስገቡ፣ ከዚያ ወደ ጎንና ወደ ፊት 45 ዲግሪ ያህል ይወጠር። ወለሉ ላይ ቀለበት ከሌለ የወጣው ወንበር ሴፍቲ ቤልት የታሰረበት ቀዳዳ አለ። እዚያ የሚገባው ብሎን ብዙ ጊዜ የኢንች ነው፣ 7/16። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ይገባል፣ የያዘም ይመስላል፤ ሲሳብ ግን ተነቅሎ ይወጣል። የፕላስቲክ መያዣና የግድግዳ ላሜራ ላይ ማሰር ደግሞ አለማሰር ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ላይ ወደ ግራ ዘንበል እንዳለ የግራውን የፊት ቤልት ሳታጠብቁ አስገቡ። ከዚያ የቀኙን አጥብቁ፤ ሞተሩ ራሱ ቀና ይላል፣ ግራውም ይወጠራል። ቀና እንዳለ የጎን መቆሚያው ይታጠፍ። መቆሚያው ላይ እንደቆመ አጥብቆ የታሰረ ሞተር በየጉብታው ፍሬሙ ላይ ያለችውን ጆሮ ይደበድባታል፣ አንድ ቀን ትሰነጠቃለች። ከዚያ ሁለቱን በየተራ ሁለት ሁለት ጥርስ እያላችሁ የፊት አሞርዛተሩ ከጉዞው ሲሶ እስከ ግማሽ እስኪወርድ አጥብቁ፤ አፍሪካ ትዊን ላይ ከ8 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። እስከ ታች ከተጨቆነ የመንጠርያ ቦታ አይኖረውም፤ ዱላው ሁሉ ጎሚኒውና (የአሞርዛተሩ ዘይት ማገጃ ላስቲክ) የቤልቱ መንጠቆ ላይ ያርፋል። የኋላዎቹ ቤልቶች ለስለስ ብለው ይታሰሩ፣ ከፍሬሙ ወደ ኋላና ወደ ጎን። አንደኛ ማርሽ ይግባ፣ የፊት ፍሬኑ በካላማዳሪያ ቁራጭ ይታሰር፣ መሪው ግን በቁልፍ አይቆለፍ።

መታሰሩን የምታውቁት ሞተሩን ስትነቀንቁት ቫኑ አብሮ ሲነቀነቅ ነው። ሞተሩ ብቻውን ከተነቀነቀ አልታሰረም። "ረዳቱ ከኋላ ሆኖ ይያዘው" የሚል ሐሳብ ከመጣ እምቢ በሉ፤ 240 ኪሎ ሲመጣ የሚይዝ ሰው የለም፣ የሚጫን እንጂ።

ታንከሩ ሩብ ያህል ብቻ ቤንዚን ይኑረው። 20 ሊትር ቤንዚን 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.4 ሊትር ይሰፋል፤ ጢም ያለ ታንከር ከአዲስ አበባ ብርድ ስምጥ ሸለቆ ሙቀት ሲገባ በትርፍ ቱቦው ያፈሳል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ የነዳጅ መዝጊያው ይዘጋ። የቫኑ መስኮት ትንሽ ይከፈት፣ ውስጡም ሲጋራ አይለኮስ።

መንገድ ላይ ከመጀመሪያው 15 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ቤልቶቹን እዩ፤ የሚላሉት ያኔ ነው። ከዚያ ባቱ ላይ አንዴ፣ አርሲ ነገሌን ካለፋችሁ በኋላ አንዴ። ከባቱ ወዲህ ከተማ በከተማ የፍጥነት መቀነሻ አለ፣ ከብትና ጋሪም ድንገት ይገባል። ክፍት አፍ ያለው መንጠቆ የሚወልቀው ጉብታ ላይ አሞርዛተሩ ወርዶ ቤልቱ ለቅጽበት ሲላላ ነው፤ አፉን በሽቦ እሰሩት። ሊብሬው፣ ሻጩ አብሮ ከሌለ የሽያጭ ውሉ ወይም ውክልናው፣ አዲስ የገባ ከሆነ ዲክላራሲዮኑ ኬላ ላይ በእጅ ይሁን።

ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ አትንከራተቱ። ብዙ ግቢ በር ላይ ከቦዩ በላይ የተሠራ የኮንክሪት መሻገሪያ አለ፤ ቫኑ መንገዱ ላይ ቆሞ ጣውላው እዚያ ላይ ሲያርፍ ዳገቱ ይቀንሳል። ኮብልስቶን ላይ ከሆነ የጣውላው እግር ከድንጋዮቹ በአንዱ ጠርዝ ይደገፍ፣ አለበለዚያ ይሸሻል።

ሲፈታ የኋላ ቤልቶች ይቅደሙ። ከዚያ አንድ ሰው ሞተሩን በግራ በኩል ይዞ የጎን መቆሚያው ይዘርጋ፣ ቀጥሎ የቀኙ የፊት ቤልት ይፈታ፤ የግራው ሞተሩን ወደ መቆሚያው ይስበዋል። የግራው ቀድሞ ከተፈታ ቀኙ ሞተሩን ወደ ማያርፍበት ጎን ይጥለዋል። ራቼቱ ሲለቀቅ አሞርዛተሩ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ ፊታችሁ መሪው ላይ አይሁን።

ከወረደ በኋላ በካላማዳሪያ የታሰረውን ፍሬን ፍቱ፣ የአሞርዛተሩ ቱቦ ላይ የዘይት ቅብ እንዳለ በጣት አይታችሁ ጥረጉ፣ መሪው ምልክቱ ላይ መመለሱን አረጋግጡ። መንገድ ላይ ወድቆ ከነበረ ቀና አድርጋችሁ አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ ዘይቱን እዩ፣ ቁልፉን አጥፍታችሁ እንደገና ክፈቱ፤ ብዙ ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች ሲወድቁ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ቁልፉ ካልተመለሰ አይነሱም።