በአንዲት «ሪ» ያመለጠኝ ቤት

ማድሪድ እንደገባሁ አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ፣ ዛሬ ላቫፒዬስ ሰፈር ፀሐይ በሚገባበት ቤት እኖር ነበር። ይህችን «እኖር ነበር» ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ስፓኒሾች ኮንዲሲዮናል የሚሉት፣ «ቢሆን ይህን አደርግ ነበር» ለማለት የሚያገለግል የግስ ዓይነት አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከግሱ ምንም አትቆርጡም፤ እንዳለ ትወስዱና እንደ ባለቤቱ፣ ከ«እኔ» እስከ «እነሱ»፣ ኢያ፣ ኢያስ፣ ኢያ፣ ኢያሞስ፣ ኢያይስ፣ ኢያን ትቀጥሉበታላችሁ። አብላር፣ መናገር፣ አብላሪያ ይሆናል። ኮሜር፣ መብላት፣ ኮሜሪያ። ቢቢር፣ መኖር፣ ቢቢሪያ። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው። ከሕጉ የሚወጡት ደርዘን ያህል ናቸው። ይህን በአንድ ምሽት ጨረስኩት።

ችግሩ ደብተሬ ላይ ነበር። አንዱ መስመር ላይ «ቢቢያ፦ እኖር ነበር» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ደግሞ «ቢቢሪያ፦ እኖር ነበር»። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ልጅ ሳለሁ ደሴ እኖር ነበር» እንላለን፤ «ሥራ ባገኝ ደሴ እኖር ነበር» እንላለን። እኛ ጋ ልዩነቱን የምትነግረን ከፊት ያለችው «ብ» ናት፤ ግሱ አይለወጥም። ስፓኒሽ ግን ግሱን ራሱን ይለውጠዋል። ቢቢያ ያለፈ ኑሮ ነው። ቢቢሪያ ገና ያልሆነ፣ ቢሆን የሚባል ኑሮ ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ሪ» ናት።

እኔና እህቴ ቤቱን ልናይ ቀጠሮ ያዝን። እሷ ሥራ ስለነበረች ብቻዬን ሄድኩ። አከራይዋ ወኪል ወረቀቷን ዘርግታ «ኮን ኪዬን ቢቢሪያ?» አለችኝ፤ ከማን ጋር ነው የምትኖረው ማለቷ ነው። ጥያቄው ገብቶኛል። አፌ ግን «ቢቢያ ኮን ሚ ኤርማና» አለ። ከእህቴ ጋር እኖር ነበር፤ ድሮ። ሴትዮዋ «አሁን ብቻህን ነህ ማለት ነው?» የሚል ነገር በፍጥነት ጨመረች። ግማሹን ሳልሰማ «ሲ፣ ሲ»፣ አዎ አዎ፣ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ወረቀቱ ላይ 1 ብላ ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የክፍል ቁጥር መስሎኝ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን የሁለታችንን የደመወዝ ወረቀት ይዘን ሄድን። የእኔ ብቻ ለኪራዩ አይበቃም ነበር። ሴትዮዋ እህቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ብቻዬን ነኝ ብለኸኛል። ዋሽተኸኛል» አለች። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ለማስረዳትም የሚያስፈልገኝ ያው ግስ ነበር። ቤቱ ለሌላ ሰው ሄደ። እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቋንቋ እየተማርኩ እንደሆነ ሴትዮዋ ታውቃለች፤ አንዴ ቀስ ብላ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ግን ያልገባኝን «ሲ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አስተማሪያችን «በራሳችሁ ቋንቋ አታስቡ፣ አትተርጉሙ» ይለን ነበር። አልስማማም። እኔን ያዳነኝ አማርኛው ነው፤ ግን ቃል በቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። ከጎኑ «ሲ ቱቢዬራ ዲኔሮ፣ ኮምፕራሪያ ኡን ፒሶ»። «ሪያ» የምትገባው «ነበር» ያለበት ጋ ነው። «ቢ» ያለበት ጋ፣ ማለትም «አዎ» ከሚለው ሳይሆን እንደ እኛ «ቢ» ከሚያገለግለው «ሲ» ቀጥሎ፣ አትገባም። የቡርጎስ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ በ«ሲ ቱቢዬራ» ፈንታ «ሲ ቴንድሪያ» ይላል፤ በሰሜን ስፔን ብዙ ሰው እንደዚያ ያወራል። እሱ ይበል፤ እናንተ ፈተና ላይ እንዳትጽፉት።

ደግሞ የኮርሱ መጽሐፍ እዚህ ምዕራፍ እስኪደርስ አትጠብቁ። የእኛ መጽሐፍ መጨረሻው አካባቢ ነው ያስቀመጠው። ቤት ፈላጊ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያስፈልገዋል። «ሜ ጉስታሪያ ቤር ኤል ፒሶ»፣ ቤቱን ማየት ፈልጌ ነበር፣ ተብሎ ነው በስልክ እንኳን ቀጠሮ በትሕትና የሚጠየቀው።

ከሁለት ወር በኋላ ቫዬካስ የሚባል ሌላ የማድሪድ ሰፈር ቤት ልናይ ሄድን። ሜትሮ ውስጥ እኔና እህቴ እየተቀባበልን አጠናነው። ሰውዬው ማን እንደሚኖርበት ሲጠይቀን እሷ ቀደመችኝ፦ «ቢቢሪያሞስ ሚ ኤርማኖ ኢ ዮ።» ወንድሜና እኔ። «ሪ»ዋን ረገጥ አድርጋ ነው ያለቻት። ሰውዬው ቀና ሳይል 2 ብሎ ጻፈ።