መሃሉ መሃል አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ግማሽ ቀን ወሰደችብኝ። ቪዲዮ ለማስጀመር የምንጫናት፣ በክብ ውስጥ የተቀመጠች፣ ጫፏ ወደ ቀኝ የሾለ ሦስት ማዕዘን ናት። የምሠራበትን የንድፍ ፕሮግራም መሃል ላይ እንዲያስቀምጣት አዘዝኩት፤ አስቀመጣት። ከግራና ከቀኝ ያለውን ርቀት ለካሁ፤ እኩል ነው። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ሳያት ግን ወደ ግራ ተንሸራትታለች። እንደገና ለካሁ፤ እኩል ነው። እንደገና አየሁ፤ ወደ ግራ ናት።

ፕሮግራሙ የሚለካው ሦስት ማዕዘኗን ሳይሆን ዙሪያዋን የከበባትን የማይታይ ሳጥን ነው። ዓይን ደግሞ ሳጥኑን አያውቀውም፤ የሚያየው ቀለም የተቀባውን አካል ነው፤ አካሉም ክብደት አለው። የሦስት ማዕዘን ክብደት የሚያመዝነው በሰፊው ጎኗ በኩል ስለሆነ የክብደቷ ማዕከል ከመሠረቷ አንድ ሦስተኛው ላይ ይውላል፤ የሳጥኑ ማዕከል ግን ግማሹ ላይ ነው። የእኔዋ ከመሠረት እስከ ጫፍ 60 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነበረች፤ እንግዲህ አንደኛው መሃል 20 ላይ፣ ሌላኛው 30 ላይ ነው። 10 ፒክስል ወደ ቀኝ ገፋኋት። ጎኖቿ እኩል ስለሆኑ ሦስቱም ጫፎቿ ከክቡ ጠርዝ እኩል ራቁ፤ ቦታዋን ያዘች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፋይሉን ስከፍት ወደ ግራ ተመልሳለች። ባልደረባዬ ነው የመለሳት፤ ቁጥሩ ተዛብቶ አገኘሁት አለኝ። ልከራከረው አልፈለግሁም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ከስክሪኑ ሦስት እርምጃ ያህል እንዲርቅ ለመንኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «የእኔዋ ልትወድቅ ነው» አለ።

ፊደል የሚቀርጹ ሰዎች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። «ዐ»ን እና «በ»ን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በማስመሪያ እኩል ቁመት ስጧቸው፤ «ዐ» አንሳ ትታያለች። «በ» በጠፍጣፋ አናቷ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ትይዘዋለች፤ ክቧ ግን የምትነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ክብ ፊደል ከመስመሩ ከላይም ከታችም በጥቂቱ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ አንባቢው ማለፉን አያውቅም፣ እኩልነቱን ብቻ ያያል። አግድም መስመርም እንዲሁ ነው፤ ከቁሙ ጋር እኩል ውፍረት ከተሰጠው ወፍሮ ይታያልና ይቀጥናል። እኩል መስለው እንዲታዩ እኩል አለማድረግ፤ የዚህ ሙያ ትልቁ ትዕግሥት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በቀለም በኩል ደግሞ የኬሚስቱን የሚሼል ዩጂን ሼቭረልን ታሪክ እወደዋለሁ። ፓሪስ ውስጥ በጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል፣ ጥቁር አልሆነም የሚል አቤቱታ ይቀርብለት ነበር። ማቅለሚያውን መረመረ፤ እንከን አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለሞች ነበሩ። ግኝቱን አስፍቶ በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። እኔም አንድን ግራጫ በነጭና በጥቁር መደብ ላይ ባስቀመጥኩ ቁጥር ሼቭረል ትዝ ይለኛል። የቀለሙ ቁጥር አንድ ነው፤ የሚታየው ግን ሁለት ዓይነት ግራጫ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መግቢያ ላይ መስኮት አጠገብ ቆሞ ቤት፣ ዛፎችና ሰማይ እንደሚያይ ይናገራል። የብርሃንና የቀለም ደረጃዎቹን እየቆጠሩ 327 ናቸው ማለት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን 327 የሚያይ ሰው የለም። ዓይን ገና ሲያይ ይቧድናል፤ የተቀራረበውን አንድ ያደርጋል፣ የተመሳሰለውን ያዛምዳል።

በቅርቡ አንድ የስብሰባ ማስታወቂያ እንዳስተካክል ተሰጠኝ። ርዕሱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹና የተናጋሪዎቹ ዝርዝር በእኩል ርቀት ተደርድረው፣ አንባቢ እንዳይምታታበት ተብሎ እያንዳንዳቸው በሳጥን ታጥረዋል። ሳጥኖቹን በሙሉ አጠፋሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና አዳራሹን በ8 ፒክስል አቀራረብኳቸው፤ ከእነሱ እስከ ተናጋሪዎቹ 40 ተውኩ። አንድም መስመር ሳይሰመር «መቼና የት» አንድ ወገን፣ «እነማን» ሌላ ወገን ሆነው ቆሙ። (ንዑስ ርዕስን ከላይና ከታች በእኩል ርቀት የምታስቀምጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ከሚያስተዋውቀው አንቀጽ ጋር አስጠጉት። መሃል ሜዳ ላይ ሲቀር የማን እንደሆነ አይታወቅም።)

ያ 40 ፒክስል ግን ሁልጊዜ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያውን ያሠሩት ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት ባዶው ቦታ ምን እንደሚገባበት ነበር። ምንም አይገባበትም አልኩ። ባዶ ቦታ ሥራ ፈት አይደለም። በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ድርጅት (WWF) አርማ ላይ ዛሬ የምናየውን ፓንዳ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ የጭንቅላቱን አናትና ጀርባውን የሚያጥር መስመር የለም። ጆሮዎቹ፣ ዓይኖቹና እግሮቹ ጥቁር ናቸው፤ የቀረው ራሱ ወረቀቱ ነው። ሆኖም ጀርባው የት ላይ እንደሚታጠፍ እርግጠኛ ነን፤ ያልተሳለውን መስመር የሳልነው እኛ ነን። እዚያ ነጭ ቦታ ላይ አንድ ቃል ቢጻፍ ፓንዳው ይፈርሳል። ይህን ለአሠሪዎቹ በምሳሌነት ካሳየኋቸው በኋላ 40ው እንዳለ ቀረ፤ ደስ ብሎኛል።

ሥራ ከማስረከቤ በፊት ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ገጹን አየዋለሁ። ፊደሉ ይጠፋል፤ የጨለማና የብርሃን ክምር ብቻ ይቀራል። በዚያ ብዥታ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ነገር መጀመሪያ መነበብ ያለበት ካልሆነ ገና አልጨረስኩም።

ሦስት ማዕዘኗንም እንዲሁ አየኋት፤ ከክቡ ውስጥ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያም ፋይሉ ላይ፣ ከኔ በኋላ ለሚከፍተው ሰው፣ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «10 ፒክስል ወደ ቀኝ የተገፋው ሆን ተብሎ ነው። ከመመለስህ በፊት ራቅ ብለህ እያት።»