ጻምፓና በሶ፦ ከደላንታ እስከ ቲቤት

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ የቲቤት ቋንቋ አዳምጣለሁ። ምን ሊያደርግልህ ነው የሚሉኝ አልጠፉም። እኔ ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ በግ ስጠብቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። አማካይ ከፍታው 4,500 ሜትር ግድም በሆነ ምድር የሚኖር ሰው አገሩን ምን ብሎ እንደሚጠራ ማወቅ በጣም ያጓጓኛል።

መጀመሪያ የያዝኳት ቃል «ነ» ናት፤ ገብስ ማለት ነው። የእነሱ ገብስ እኛ ሰነፍ ቆሎ የምንለው ዓይነት ነው፤ ልብሱን በቀላሉ ይለቃል፣ መሸክሸክ አይፈልግም። ቆልተው ይፈጩትና «ጻምፓ» ይሉታል። በሶ ነው እንግዲህ! አዘገጃጀቱ ግን ለየት ይላል። ጨውና ቅቤ የገባበትን ሻይ ይጠጡና ጥቂት ያስቀሩለታል፣ ዱቄቱን እላዩ ላይ ያደርጋሉ። ሳህኑን በአንድ እጅ እያዞሩ በሌላው ጣት ዱቄቱን ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያሉ ይገፉታል። ቸኩሎ የነካው ሰው ዱቄቱ ይቦንበታል። ጠበቅ ሲል ጨብጠው ይበሉታል። እናቴ ለመንገደኛ በሶ ስትጨብጥ ውሃዋን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምትጨምረው፤ ድቁስ ጣል ታደርግበታለች። የእናቴን እመርጣለሁ፤ የቅቤውን ሻይ ግን አንድ ቀን ብቀምሰው ደስ ይለኛል።

የተራራ መሻገሪያውን «ላ» ይሉታል፤ እኛ ጣርማ በር ስንል እንደምንለው በር መሆኑ ነው። እዚያ ሲደርሱ «ላ ጊያሎ!» ብለው ይጮኻሉ፤ አማልክት ድል አደረጉ እንደማለት ነው። ነፋሱ የሚያውለበልባቸው ባለቀለም የጸሎት ጨርቆችም ተሰቅለው ይታያሉ።

የሰዉም ስም አለው። በግጦሽ ሜዳ ከብት እያረባ የሚኖረው «ድሮክፓ»፣ ሸለቆ ውስጥ የሚያርሰው «ሮንግፓ» ነው። ሁለቱንም የሚሠራው «ሳማድሮክ» ይባላል። በበልግ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ ኩበት የሚያነድ የደላንታ ሰው እዚያ ቢወለድ ሳማድሮክ ይሉት ነበር።

ከሁሉም ልቤን የያዘችው ግን «አብራ» ናት። የጥንቸል ዘመድ ናት፤ ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም፣ ጭራዋ አይታይም። ሣሩ ሥር ትቆፍራለች። «ዋ» የሚሉት ቀበሮ እሷን አድኖ ይኖራል። ወፎች በተወችው ጉድጓድ ይፈለፍላሉ። የዝናቡም ውሃ በዚያው ወደ መሬት ይሰርጋል። ሆኖም የከብቱን ሣር ትጨርሳለች ተብላ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሰፊ መሬት ላይ በመርዝ ስትገደል ኖራለች። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ። መርዙ አብራን ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፤ ቀበሮውም ምግብ ያጣል።

የእኛም ቀይ ቀበሮ ኑሮው ይኸው ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ ጓሳ በሚባለው ሣርና ጅብራ በሚባለው ተክል መሐል አይጥ እያደነ ይኖራል። በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 እንኳ አይሞሉም ይባላል። አጎቴ የጠቦት ሌባ ይሏቸዋል። አልፎ አልፎ ጠቦት ይነጥቃሉ፣ አልክድም። «አብሽር ጋሼ፣ ዋናው ምግባቸው አይጥ ነው» እላቸዋለሁ። አይጡ የሚኖረው ጓሳው ካለ ነው። ጓሳው ደግሞ ማረሻ ከገባበት ቶሎ አይመለስም። አቡነ ዮሴፍ ጥብቅ ስፍራ መሆኑ ስለዚህ ደስ ይለኛል። ገብሳችን ሽቅብ መውጣቱን እዚያ ድንበሩ ላይ እንዲያቆም እፈልጋለሁ፤ ለአጎቴም በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ።