ድሬዳዋ ላይ ብቻ የሚያልፈው ጥይት

ለስልክ የጠፈር ውጊያ ጌም የሚሰራ ሰው ስለ መንኮራኩሩ ዲዛይንና ስለ ፍንዳታው ሲያወራ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ስለ ስልኩ ሙቀት የሚያወራ ግን እምብዛም አልገጠመኝም። አዲስ አበባ በምንሰራበት ትንሽ ቢሮ ውስጥ የሆነው ነገር ሙሉ በሙሉ የሙቀት ጉዳይ ነበር፣ ሙቀት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ግን አንዲት ጎበዝ ልጅ ብዙ ተገፍታለች፣ ለዛ ነው ምጽፈው።

ጌሙ ቀላል ነው። ስልኩን በቁም ትይዙታላችሁ፣ የናንተ መንኮራኩር ከታች ናት፣ ጠላት ከላይ በዌቭ በዌቭ (በቡድን በቡድን) ይወርዳል፣ አውራ ጣታችሁን ስታንሸራትቱ መንኮራኩሯ ትከተላችኋለች፣ መተኮሱን እሷው ትተኩሳለች። (መንኮራኩሯ ልክ ጣታችሁ ስር ሳይሆን ትንሽ ከፍ ብላ ነው ምትቀመጠው፣ አለዚያ ጣት ይሸፍናትና ምን እንደመታችሁ እንኳን አታዩም። እንዲህ አይነት ነገር በኮምፒውተር ጌም ላይ ማንም አያስበውም።) የኔ ስራ ሌቭል ነው፣ የቱ ጠላት መቼ ይመጣል፣ በስንት ምት ይሞታል የሚለውን እኔ ነኝ ማስተካክለው። ከጎኔ ምትቀመጠው ቴስተራችን፣ ጌሙን እየተጫወተች ስህተቱን ምትፈልገው፣ የድሬ ልጅ ናት፣ ስራዋን በጣም ምትወድ፣ ያየችውን ሁሉ በጥንቃቄ ምትመዘግብ ልጅ።

ጌሙን ከመልቀቃችን በፊት ለሚሞክሩት ሰዎች አደልነው። ከአዲስ አበባ የመጣው አስተያየት ጥሩ ነበር። እሷ ደግሞ ድሬ ላሉት ለታናሽ ወንድሟና ለሰፈር ጓደኞቹ ላከችላቸው፣ ከነሱ የመጣው ግን አንድ አይነት ስሞታ ሆነ፦ «አቦ ጥይቱ እኮ ያልፈዋል! ደህና አድርጌ አነጣጥሬ በመሃሉ አልፎ ይሄዳል!» ትላልቆቹን ጠላቶች ይመታል፣ ሶስተኛው ዌቭ ላይ ተወርውረው ሚመጡትን ትንንሽ ቃኚዎች ግን አንዳንዴ ይመታል አንዳንዴ ዝም ብሎ ያልፋል።

መዘገበችው። ቲም ሊደራችን በራሱ ስልክ ሞከረው፣ ስልኩ አዲስና ውድ ነው፣ ምንም ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ አላገኘም፣ «ባጉ አልተገኘም» ብሎ ዘጋው። መልሳ ከፈተችው፣ መልሶ ዘጋው። በመጨረሻ ሁላችንም ባለንበት «እህቴ፣ ልጆቹ ማነጣጠር ስላቃታቸው ብለን ኮድ አንቀይርም» አላት። አልተከራከረችውም፣ «እሺ» ብላ ተቀመጠች፣ ፊቷ ግን ተለዋወጠ። እኔ እስከዛሬ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከባግ ይልቅ ሚከነክነኝ ይሄ ንግግር ነው፣ ምክንያቱም እነዛ ልጆች የነገሩን ልክ ያዩትን ነው፣ አንድም ነገር አልጨመሩም።

የባሰው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ከሞካሪዎቹ የሰበሰብነው ዳታ ላይ ብዙ ሰው ሶስተኛው ዌቭ ላይ እንደሚሞት ታየ። ቲም ሊደሩ «ቃኚዎቹ ከብደዋል፣ በሶስት ምት ሚሞቱትን በሁለት አድርጋቸው» አለኝ። በኛ ስልክ ላይ እኮ አሁንም ቀላል ነው አልኩት፣ «ዳታው ይናገራል» አለኝ፣ አደረኩት። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቢሮ ውስጥ ዌቩ እንቅልፍ ሚያመጣ ሆነ፣ ድሬ ያሉት ልጆች ግን አሁንም ይሞታሉ፣ ምክንያቱም ማይመታ ጥይት አንድ ምትም ይበቃል ሁለትም ይበቃል ለውጥ የለውም።

ቴስተራችን በራሷ መንገድ ሄደች። ወንድሟን ስክሪን ሪከርድ እንዳያደርግ ከለከለችው፣ ሪከርዱ ራሱ ስልኩን ስለሚያዘገየው በኋላ «በሪከርዱ ምክንያት ነው» እንዳይባል ማለት ነው። በምትኩ አንዱ ልጅ ሲጫወት ሌላው በሌላ ስልክ ከላይ እንዲቀርጽ አደረገች፣ ቪዲዮውን ቴሌግራም ጥራቱን እንዳይቀንሰው እንደ ፋይል አስላከችው፣ ከዛ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አንድ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው የተሰራበትን እያንዳንዱን ምስል) እያሳለፈች ታይ ጀመር። ጠርታኝ አብሬያት አየሁ። አንዱ ምስል ላይ ጥይቱ ከቃኚዋ አፍንጫ በታች ነው። ቀጣዩ ምስል ላይ ጥይቱ ከጭራዋ በላይ ነው። በሁለቱ መሃል ምንም የለም። ጥይቱ ቃኚዋ ላይ የነበረበት ቅጽበት ጌሙ ውስጥ ጨርሶ አልተፈጠረም።

ከዛ በኋላ ያለው የሂሳብ ነገር ነው። የኛ ጥይት በሰከንድ 1,800 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ይሄዳል። ስልኩ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሰራ ጥይቱ በአንድ ፍሬም 30 ፒክስል ይራመዳል። ቃኚዋ ቁመቷ 40 ፒክስል፣ ጥይቱ 10፣ ድምሩ 50፣ ስለዚህ 30 30 እየተራመደ ሊስታት አይችልም። ስልኩ ደክሞ ወደ 20 ፍሬም ሲወርድ ግን ጌሙ እንዳይዘገይ ተብሎ እርምጃው በጊዜው ልክ ስለሚያድግ ጥይቱ በአንዴ 90 ፒክስል ይዘላል። ደረጃ ሶስት ሶስት እየዘለለ ሚወጣ ሰው መሃል ያሉትን እንደማይረግጣቸው ማለት ነው። ኮዱ ደግሞ ሚጠይቀው «አሁን ተነካክተዋል ወይ?» ብቻ ነው፣ በመንገዱ ላይ ተነካክተው ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቃኚዋም ወደ ታች እየተወረወረች ስለምትመጣ ክፍተቱ ይብሳል፣ ግማሽ ያህሉ ጥይት ሊያመልጥ ይችላል። ትላልቆቹ ደግሞ ከዝላዩ ስለሚበልጡ ሁሌም ይመታሉ። ልጆቹ ያሉት ነገር በሙሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ታዲያ ለምን ድሬ ብቻ? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ቢሯችን ጠዋት ጃኬት ያስለብሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ግንቦት ላይ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ብትቀመጡ እንኳን አየሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። አብዛኛው ስልክ ማራገቢያ የለውም፣ ቺፑ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ረከስ ያለና ዓመታት ያገለገለ ስልክ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ ቻርጀር ላይ ሰክተው ሲጫወቱበት ይብሳል፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ሰክቶ ነው ሚጫወተው። የኛ ቲም ሊደር ደግሞ ሁለት ሶስት ደቂቃ ይሞክርና ይዘጋዋል፣ ስልኩ ለመሞቅ እንኳን ጊዜ አያገኝም።

እሷ ይሄን ሁሉ አስባ መጣች። ያረጀ ቴክኖ ስልክ ተዋሰች፣ ቻርጀር ሰካችው፣ ብራይትነሱን እስከመጨረሻ ከፈተችው፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ስር ተቀምጣ ስልኩ ጀርባው እስኪያቃጥል ተጫወተች፣ ከዛ ሳትነቅለው ወስዳ ለቲም ሊደሩ እጁ ላይ ሰጠችው። «አንተው ተኩስ» አለችው። ሶስተኛው ዌቭ መጣ። ተኮሰ። አለፈ። እንደገና ተኮሰ። አለፈ። ትንሽ ዝም አለና «ይሄ የኔ ኮድ ነው» አለ፣ ቀጥሎም በሰው ፊት እንደተናገራት በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ይሄን ማድረጉን አከብርለታለሁ፣ ብዙ አለቃ ብቻውን ጠርቶ ነው ሚያደርገው።

የዛን ቀን ሻይ ላይ አንዱ ፕሮግራመራችን ያነሳው ነገር ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣውን ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጌም የሰራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ፣ ኤሊየኖቹ (የጠፈር ጠላቶቹ) በሞቱ ቁጥር የቀሩት እየፈጠኑ እንደሚሄዱ አየ፣ ኮምፒውተሩ ሚያንቀሳቅሰው ሲያንስለት ስለፈጠነ ነው፣ እሱም ጨዋታውን ሚያጓጓ ስላደረገው ተወው። ስለዚህ የማሽን ጠባይ ጌሙ ውስጥ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም አለ። እውነት ነው፣ ግን እኔ ምለየው አንድ ነገር አለ፦ ኒሺካዶ ያየው ተጫዋቹ ሚያየውን ነው፣ ማሽኑ አንድ አይነት ነዋ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ኖኪያ 3310 ላይ ይመጣ የነበረው ስፔስ ኢምፓክት የተባለ የጠፈር ጌምም እንደዛው፣ 84 በ48 ፒክስል ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ ስልኩን የገዛ ሁሉ እጁ ላይ ያለው አንድ አይነት ነገር ነው። እኛ ምንሰራው ግን የመርካቶ ሁለተኛ እጅ ስልክም ከዱባይ የመጣ አዲስ ስልክም ላይ ለሚከፈት ጌም ነው፣ ሰሪው ሚያየውና ተጫዋቹ ሚያየው በጣም ይራራቃል፣ ያንን ርቀት ሚያሳየን ሰው ደግሞ ቴስተር ነው።

ጥገናው ረጅም አልነበረም። ጥይቱ ካለፈው ቦታ እስከ አሁኑ ያለውን መስመር በሙሉ ኮዱ እንዲፈትሽ ተደረገ። በየተኩሱ አዲስ ጥይት እየፈጠሩ ከመጣል ይልቅ ያለቀውን ጥይት መልሶ መጠቀም ተጀመረ፣ ይሄ ብቻውን ብዙ መንቀጥቀጥ አስቀረ። የፍንዳታው ብልጭታም ተቀነሰ። እኔም ቃኚዎቹን ወደ ሶስት ምት መለስኳቸው፣ የድሬ ልጆች ዌቩን ማለፍ ጀመሩ፣ ወንድሟ «አሁን ገና ጌም ሆነ» ብሎ ነው የጻፈላት።

ባግ መመዝገቢያችን ላይ «አልተገኘም» ሚለው ምርጫ ተነስቷል። በቦታው ሚሞላ ነገር ገብቷል፦ በየትኛው ስልክ ሞከርክ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወትክ፣ ቻርጀር ላይ ነበር ወይ፣ ስልኩ ሞቆ ነበር ወይ። እሱን ሳይሞላ መዝጋት አይቻልም፣ ቲም ሊደሩም ይሞላል።

አሁን ያልተስማማነው ጌሙን ከነጭራሹ 30 ፍሬም ላይ እንገድበው ወይስ 60 እንተወው ሚለው ላይ ነው። ግራፊክስ ሚሰራው ልጅ 60 ካልሆነ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል ይላል፣ ልክ ነው፣ በሱ ስልክ ልዩነቱ ይታያል። እኔና ቴስተራችን 30 ይሁን ባዮች ነን፣ ስልኩ ቶሎ አይግልም፣ ባትሪው ይቆያል፣ ጥይቱም አሁን መንገዱ ሙሉ ስለሚፈተሽ በ30ም አይስትም።